አላድ፣ ሩብ፣ ታሙን፣ መሐለቅ

አያቴን ብር በመቶ ይከፈላል ብሎ ያሳመናት ሰው አልነበረም። በ1950ዎቹ መጨረሻ፣ ሳንቲም ከወጣ ሃያ ዓመት አልፎት እንኳ፣ ድሬዳዋ ቀፊራ ገበያ ተቀምጣ በርበሬና ኮረሪማ ስትሸጥ የምታሰላው በልጅነቷ በለመደችው ሒሳብ ነበር። ብር ሁለት አላድ ነው። አላድ ሁለት ሩብ፣ ሩብ ሁለት ታሙን፣ ታሙን ሁለት መሐለቅ፣ መሐለቅ ሁለት ቤሳ። ከላይ እስከ ታች እያጋመሱ መውረድ ነው፤ ሌላ ሕግ የለውም። ትምህርት ቤት የተማርነውን ስንነግራት ትሰማንና «እስቲ መቶን አጋምሱ» ትለናለች። ሃምሳ እንላለን። «ሃምሳንስ?» ሃያ አምስት። «እሱንስ?» ዝም እንላለን። «ታዲያ ሁለቴ ተጋምሶ የሚሰበር ምኑ ገንዘብ ነው?» ትልና ወደ በርበሬዋ ትመለሳለች።

ይህን ጥያቄዋን ከዚያ ወዲህ በብዙ አገር ገንዘብ ላይ አግኝቼዋለሁ። ዕድሜዬን ሙሉ የዓለም ሳንቲም ሰብስቤያለሁ፤ የነገሥታቱን መልክና ዘውድ ማድነቅ ከተውኩ ግን ቆይቷል። አንድ ሳንቲም እጄ ሲገባ መጀመሪያ የምጠይቀው የስንት ስንተኛ ነው? ብዬ ነው። ሰዎች አንድን ነገር ለሁለት፣ ለስምንት፣ ለአሥራ ሁለት ወይም ለመቶ ሲከፍሉ ማን ምን እንደሚገዛ፣ ማን እንደሚቆጥርና ማን እንደሚጽፍ አብረው ይነግሩናል። ለእኔ ይህን ደጅ የከፈተችልኝ አያቴ ናት።

በርበሬውን በመደብ በመደብ አድርጋ ነው የምትሸጠው። ገዢ መጥቶ ግማሹን ስጪኝ ሲላት ሚዛን አታነሣም። የእጇን ጠርዝ መሃሉ ላይ ታሳርፍና ክምሩን ለሁለት ትገምሰዋለች፤ ገዢው ደግሞ ከሁለቱ የወደደውን ይመርጣል። ሩቡን ከፈለገ ግማሹን ደግማ ትገምሳለች። ሁለቱም በዓይናቸው እያዩ ነውና ጭቅጭቅ የለም። ለአምስት ወይም ለአሥር መክፈል ግን በዓይን አይሆንም፤ መቁጠር፣ መመዘን ወይም መጻፍ ይጠይቃል። አያቴ ፊደል አልቆጠረችም። በሁለት በሁለት የሚወርደው ገንዘብ የእሷ ነበር፤ በአሥር በአሥር የሚወርደው የጽሕፈት ቤት።

መሰብሰብ የጀመርኩት በባዶ የብስኩት ቆርቆሮ ነው። ድሬዳዋ ለዚህ የተመቸች ከተማ ነበረች። የባቡሩ ሐዲድ እ.ኤ.አ. በ1902 መጨረሻ ከጅቡቲ ተነሥቶ እዚያ ሲደርስ ነው የተቆረቆረችው፤ ገንዘብ ከሚመላለስበት መሥመር ላይ ተወለደች ማለት ይቻላል። አጎቴ የምድር ባቡር ሠራተኛ ነበር። ከጅቡቲ በተመለሰ ቁጥር ኪሱ ውስጥ የተረፈውን የፈረንሳይ ሱማሌ ጠረፍ ፍራንክ ይሰጠኛል። አንዱና ሁለቱ ፍራንክ ከአሉሚኒየም የተሠሩ፣ የድኩላ ራስ ያለባቸው፣ እጅ ላይ ሲያርፉ ክብደታቸው የማይታወቅ ነበሩ። ሃያው ፍራንክ ቢጫ ነው፤ ሸራ የወጠረች የባሕር ጀልባ አለችበት። ባሕር አይቼ አላውቅም ነበርና ያችን ጀልባ ብዙ ጊዜ አያት ነበር።

ሰፈራችን ያለው አረብ ቤት ባለቤት ከየመን የመጡ ሽማግሌ ነበሩ። የሱቃቸው መሳቢያ ከእኔ ቆርቆሮ ይልቅ ሀብታም ነበር። ኤደን እስከ 1951 እ.ኤ.አ. ድረስ በሕንድ ሩፒ፣ ከዚያ በኋላ በምሥራቅ አፍሪካ ሽልንግ ይገበያይ ስለነበር የሁለቱም ዝርዝር ከዘመድ ከጓደኛ ጋር ተሻግሮ እሳቸው ዘንድ ይደርሳል። አንድ ቀን ከአያቴ ጋር ሄደን ስኳር ስንገዛ አንዲት አራት ማዕዘን ሳንቲም ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡልኝ። ጥጎቿ ክብ ክብ ተደርገዋል፤ አንድ ፊቷ ላይ የእንግሊዝ ንጉሥ አለ።

«ሁለት አና ናት» አሉኝ። «ሩፒያ አሥራ ስድስት አና ነው። አና አራት ፓይሳ፣ ፓይሳ ሦስት ፓይ።»

አያቴ አሥራ ስድስት የሚለውን ስትሰማ ስኳሩን ረሳችው። «እነሱም አሥራ ስድስት ነው የሚሉት?»

«አሥራ ስድስት ነው፣ እማማ።»

«አያችሁ!» አለች ወደ እኔ ዞራ፤ እኔ ብቻዬን ብሆንም ትምህርት ቤቱን ሁሉ ነበር የምታናግረው።

ሽማግሌው ያችን ሁለት አና ሰጡኝ። አንድ አና የምትባለው ደግሞ ጠርዟ ሸንሸን ያለ ነው፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የወጣችው ፓይሳ መዳብ ለመቆጠብ ሲባል መሃሏ በሰፊው ተበስቶ ቀለበት መስላለች። ይህ ሁሉ መልክ ለጌጥ አይደለም። ያልተማረ ሰው፣ ዓይኑ የደከመ ሰው፣ በጨለማ ዝርዝር የሚቀበል ሰው በጣቱ ብቻ እንዲለያቸው ነው። የእኛው የጃንሆይ ሃያ አምስት ሳንቲም፣ ስሙኒያችን፣ ጠርዙ ሸንሸን ያለው ሆኖ ሲገኝ ከሕንዷ አና ጋር ጎን ለጎን አስቀምጬ ዓይኔን ጨፍኜ ዳስሻቸዋለሁ። ከሁሉም የገረመኝ ግን ፓይ ነበር። በአንድ ሩፒ ውስጥ 192 ፓይ አለ። ይህን ያህል የተሰባበረ ገንዘብ ያወጣ አገር፣ ይህን ያህል ትንሽ ነገር የሚገዛ ሰው ነበረው ማለት ነው።

አያቴ የምታከብረው ገንዘብ ጠገራ ብር ብቻ ነበር። በመቀነቷ ቋጥራ የምትይዘው ለዕለት ወጪ አይደለም፤ ለክፉ ቀን ነው። ስታሳየኝ ከእጇ ሳትለቀው ነበር። ክብደቱ 28 ግራም ያህል ነው፤ መዳፍ ላይ ሲያርፍ መዳፍ ዝቅ ይላል። ጡተ ትልቋ ሴትዮ ፀጉሯን ወደ ኋላ ለቃ ወደ ቀኝ ታያለች። ትከሻዋ ላይ ክብ ጌጥ አለ፤ በዙሪያው የዕንቁ ፍሬዎች። አያቴ መጀመሪያ የምታየው እነዚያን ፍሬዎች ነው። ዘጠኝ መሆን አለባቸው፤ ተፍቀው ካልተቆጠሩ ገበያ ላይ አይወሰድም። ከዚያ ከደረቷ ሥር ያሉትን ሁለት የፈረንጅ ፊደላት በጥፍሯ ትነካለች፤ ማንበብ ባትችልም መኖራቸውን ታውቃለች። በመጨረሻ ጠርዙን በአውራ ጣቷ ትዞረዋለች፤ እዚያም ጎልቶ የወጣ ጽሕፈት አለ። ፍትሕና ምሕረት የሚል የላቲን ቃል መሆኑን ያወቅሁት አያቴ ካረፈች ከብዙ ዘመን በኋላ ነው። ጠርዙ ላይ የተጻፈው ሰው እየቆረጠ ብሩን እንዳያሳንሰው ነበር። ሦስቱንም ካለፈ በኋላ ድንጋይ ላይ ትጥለውና ጆሮዋን ትሰጠዋለች።

ሴትዮዋ የኦስትሪያ ንግሥት ማርያ ቴሬዛ ናት። እ.ኤ.አ. በ1780 ሞተች፤ ብሩ ላይ ያለው ዓመትም 1780 ነው። ከዚያ ወዲህ በየዘመኑ ሲታተም ዓመቱ አልተነካም፤ የቀይ ባሕር ገበያ የለመደውን መልክ ካላየ አይቀበልምና። ቪየና ብቻም አልነበረም የሚያትመው። ጣልያን ኢትዮጵያን ለመውረር ስትነሣ በ1935 እ.ኤ.አ. የቅርጹን ማተሚያ ከኦስትሪያ ወስዳ ሮም ላይ መታችው፤ ለንደን፣ ፓሪስ፣ ብራስልስና ቦምቤይም በየተራቸው መቱት። በአያቴ መቀነት ውስጥ የነበሩት በየትኛው ከተማ እንደተሠሩ አላውቅም። የብሩ የዘር ሐረግ ግን ሩቅ ነው፦ ከ1520 እ.ኤ.አ. አካባቢ ቦሄሚያ ውስጥ ዮአኪምስታል በተባለች የብር ማዕድን ሸለቆ የሚታተመው ትልቅ ብር በሸለቆው ስም ታለር ተባለ፤ የአሜሪካው ዶላርም ስሙን ያገኘው ከዚያው ነው። የአያቴ ጠገራና የዋሽንግተን ዶላር የአንድ ሸለቆ ልጆች ናቸው ስል የሚጠራጠረኝ ሰው ብዙ ነው፤ እውነት ነው።

የጠገራ ችግሩ ትልቅነቱ ነው። በሬና በቅሎ ይገዛል እንጂ ጨው አይገዛም። ስለዚህ ከሥሩ አሞሌ ነበረ፤ ከአፋር ምድር በግመልና በበቅሎ የሚወጣ፣ በአራት ማዕዘን የተጠረበ ጨው። አሞሌ ከምንጩ በራቀ ቁጥር ይወደዳል፤ ለአንድ ጠገራ ሰሜን ላይ የሚሰጠው አሞሌ ደቡብ ላይ ከሚሰጠው ይበልጣል። አሞሌ ሲሰበር ዋጋው ይጎድላል፤ ዝናብ ሲነካው ይሟሟል፤ ሰውም ይበላዋል። የፉዝግራ ጠመንጃ ጥይትም እንደ ዝርዝር የተሰጠበት ዘመን ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ ፓሪስ ላይ ገንዘብ ማሳተማቸው የነፃ መንግሥት ክብር ነው፤ ይህ ሁልጊዜ ይነገራል። እኔን የሚነካኝ ግን ትንንሾቹ ናቸው። ፲፰፻፹፯ የሚል ዓመት ይዘው ከብሩ ሌላ ግማሹ፣ ሩቡና ስምንተኛው ወጡ፤ ያው የአያቴ አላድ፣ ሩብና ታሙን። ቀጥሎ ደግሞ ትንሿ የብር ግርሽ መጣች። ትልቁን የምኒልክ ብር ብዙ ገበያ ከጠገራው አስበልጦ አልወደደውም፤ ትንንሾቹን ግን የሚጠላ አልነበረም፤ ከዚያ በፊት በብዙ ገበያ ለአንድ ቀን ጎመን የሚሆን የብረት ገንዘብ አልነበረማ።

ስለ ግርሿ አንድ ነገር ልጨምር። ከእኔ ዘንድ አንዲት አለች፤ ከጣት ጥፍር ብዙም አትበልጥም፤ አንበሳው ባንዲራውን ይዞ ይራመድባታል፤ ጎፈሩ በመነካካት ብዛት ጠፍቷል። ስትታተም የብር ሃያኛ ተብላ ነው፤ ክብደቷም ቢመዘን በትክክል የብሩ ሃያኛ ነው። ገበያው ግን አሥራ ስድስቷን በአንድ ብር ተቀበላት። ምክንያቱን ከአያቴ ሒሳብ በቀር ሌላ ቦታ አልፈልግም። ሃያ ሁለቴ ተጋምሶ አምስት ላይ ይቆማል፤ አሥራ ስድስት ግን አንድ እስኪቀር ድረስ ይወርዳል። ቤተ መንግሥት ሃያ አለ፣ ገበያ አሥራ ስድስት አለ፣ ገበያው ረታ። የአገራችንን የፖስታ ቴምብሮች ያየ ሰው ይህንኑ ያገኛል፤ ታለሩ በአሥራ ስድስት ግርሽ፣ ኋላም በአሥራ ስድስት መሐለቅ ነው የሚመነዘረው። በ1923 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ብሩን በመቶ ከፍለው መቶኛ የተባለውን የመዳብና የኒኬል ገንዘብ አወጡ። ገበያው ሳይለምደው ጣልያን ገባ፤ ሊሬም መጣ።

ስለ ሊሬ ብዙ ማለት አልፈልግም። ከሊሬ በኋላ የመጣው ነገር ግን የልጅነቴ ትልቅ እንቆቅልሽ ነበር። ድሬዳዋ ውስጥ ሃምሳ ሳንቲምን ሽልንግ የማይል ሰው አልነበረም፤ አዲስ አበባም ያው ነው። ከሽማግሌው መሳቢያ ያገኘሁት የምሥራቅ አፍሪካ ሳንቲም ላይ ግን ሃምሳ ሳንቲም ከሚለው ሥር ግማሽ ሽልንግ ይላል። የእኛ ሃምሳ ሙሉ ሽልንግ፣ የእነሱ ሃምሳ ግማሽ! መልሱ ያለው በታሪኩ ውስጥ ነው። በ1933 ዓ.ም. ጣልያን ሲወጣ እንግሊዞች ለወታደሮቻቸው ደመወዝ የኬንያንና የታንጋኒካን ሽልንግ ይዘው ገቡ፤ አገሩም ለአራት ዓመት ተገበያየበት። በሐምሌ 1937 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ብር እንደገና በሕግ ሲወጣ አንዱ ብር በሁለት ሽልንግ ተመነ። እንግዲህ አንድ ሽልንግ ከአዲሱ ሃምሳ ሳንቲም ጋር እኩል ነው። ሽልንጉ ሄደ፤ ስሙ ሃምሳ ሳንቲሙ ላይ ቀረ፤ ከሰማንያ ዓመት በኋላም አለ።

ከዚያ ዘመን ያለኝን አንድ ሽልንግ አሁንም በአጉሊ መነጽር አየዋለሁ። አንበሳ ተራራ ፊት ቆሟል፤ ዓመቱ 1944 ነው፤ ከሥሩ በዓይን የማይለዩ ኤስ እና ኤ የተባሉ ሁለት ፊደላት አሉ። ክራውስ የሚባለው ወፍራሙ የዓለም ሳንቲሞች መዝገብ አሮጌ ቅጂ እጄ ሲገባ ነው ደቡብ አፍሪካ፣ ፕሪቶሪያ ላይ መታተሙን ያወቅሁት። በጦርነቱ ዘመን ከእንግሊዝ መርከብ ማሻገር ከባድ ስለነበር ሽልንጉ በቦምቤይም በፕሪቶሪያም ይመታ ነበር። ብሩም ሩብ ብቻ ነው፤ ሌላው ርካሽ ብረት። አንድ ሽልንግ ላይ አንድ የዓለም ጦርነት ተጽፏል፤ ፊደላቱን የሚያነብ ካለ።

ጎልማሳ ሆኜ ለሥልጠና እንግሊዝ ስሄድ ያገሩ ሰው አሮጌውን ገንዘቡን ከተወ ዓመታት አልፈው ነበር። ሽማግሌዎቹ ግን አልተዉትም። የቅዳሜ ገበያ ላይ አሮጌ ሳንቲም የሚሸጡ አንድ አዛውንት ጠረጴዛ ዘንድ ቆሜ ስጠይቃቸው ሒሳቡን እንደ ጸሎት አወረዱልኝ፦ ፓውንድ ሃያ ሽልንግ፣ ሽልንግ አሥራ ሁለት ፔንስ፣ ፔኒ አራት ፋርዲንግ። ሁለት ተኩል ሽልንግ ግማሽ ክራውን ነው፤ አምስት ሽልንግ ክራውን፤ ሃያ አንድ ሽልንግ ደግሞ ጊኒ፣ ለሐኪምና ለጠበቃ የሚከፈል የክብር ዋጋ። ፔኒን በጽሑፍ የሚያመለክቱት በሮማውያን ዲናር የመጀመሪያ ፊደል ነበር፤ ሮማውያን ከሄዱ ከአንድ ሺህ አምስት መቶ ዓመት በኋላ!

ይህ ለባዕድ ሰው እብደት ይመስላል። እኔ ግን አያቴ አጠገቤ የቆመች መሰለኝ። ሽልንግ አሥራ ሁለት ስለሆነ ለሁለትም፣ ለሦስትም፣ ለአራትም፣ ለስድስትም ሰው ያለ ቅሪት ይከፈላል። ፓውንዱ 240 ፔንስ ነው፤ ሦስት ወንድማማቾች ውርስ ቢካፈሉት እያንዳንዳቸው 80 ይወስዳሉ፤ መቶን ለሦስት የሚያካፍሉ ወንድማማቾች ግን አንዷን ሳንቲም የሚወስድ ዳኛ ያስፈልጋቸዋል። እንግሊዞች ወደ አሥር መሄድ የጀመሩት በ1849 እ.ኤ.አ. ነው፤ የፓውንድ አሥረኛ የሆነችውን ፍሎሪን በማውጣት። እስከ መጨረሻው የደረሱት ግን የካቲት ውስጥ፣ እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 15 ቀን 1971 ነው። ሕንድ በ1957 ቀድማቸዋለች፤ ሩሲያ በታላቁ ጴጥሮስ ዘመን ሩብልን በመቶ ኮፔክ ከፍላ ሁሉንም ቀድማለች።

ከአዛውንቱ የገዛሁት ፋርዲንግ ብቻ ነው። ከፔኒ አራት እጅ አንዱ፤ በአንድ ፓውንድ ውስጥ 960 አለ። ነገሥታቱ በወርቁም በብሩም ላይ ጋሻና ዘውዳቸውን ሲያኖሩ ከ1937 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ፋርዲንግ ላይ የተቀመጠችው በትንሽነቷ የታወቀች አንዲት የአገሩ ወፍ ናት። ጅራቷን ቀጥ አድርጋ አቁማለች። ትንሿን ሳንቲም በትንሿ ወፍ። ይህን የወሰነው ሰው ለትንሽ ነገር ክብር የነበረው ይመስለኛል። በ1960 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ፋርዲንግ ከገበያ ወጣች። ዋጋ ሁሉ ወደ ግማሽ ፔኒ ተጠጋጋ፤ ሲጠጋጋ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ወደ ላይ ነው።

ከዚያ ወዲህ የምሰበስበው እነዚህን ብቻ ሆነ፤ በየአገሩ ከሁሉ የምታንሰውን። የኦቶማኑን ፓራ፦ አርባው አንድ ቁሩሽ፣ መቶ ቁሩሽ አንድ ሊራ። የጃፓኑን ሪን፦ የየን አንድ ሺኛ። የየመኑን የኢማሙን ቡቅሻ፦ ሪያሉ እንደ ጠገራ ትልቅ ብር ሆኖ አርባ ቡቅሻ ይመነዘራል። የምሥራቅ አፍሪካን ባለ ቀዳዳ አንድ ሳንቲም፣ በክር ተሰክታ አንገት ላይ የምትንጠለጠለውን። ወርቅ የሚሰበስብ ሰው ቤቱ ነገሥታት ይሞላሉ። የእኔን ቤት የሞሉት ዳቦ ገዢዎች ናቸው።

ስፔኖችን አለመጥቀስ ግን አይሆንልኝም። ዓለምን የዞረው የስፔን ብር ስምንት ሪያል ነበር፤ ዝርዝር በጠፋበት አገር ደግሞ ብሩን ራሱን በመሮ ለሁለት፣ ለአራት፣ ለስምንት ይቆርጡታል። ገንዘብን እንደ በርበሬ መደብ መገመስ ማለት ይህ ነው። ያ ብር እስከ 1857 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ሕጋዊ ገንዘብ ነበር። አሜሪካኖች ዶላራቸውን ገና በ1792 በመቶ ከፍለውታል፤ የኒውዮርክ የአክሲዮን ገበያ ግን እስከ 1997 ድረስ ዋጋውን በዶላር ስምንተኛ ሲያወጣ ኖረ። ኮምፒውተር ፊት የተቀመጡ ነጋዴዎች በታሙን ይገበያዩ ነበር! ያን ዜና ስሰማ ብቻዬን ቤቴ ውስጥ ጮክ ብዬ አያቴን ጠርቻታለሁ።

አሮጌው ይመለስ አልልም። አሥራ ስድስት የሚል ገበያና ሃያ የሚል ጽሕፈት ቤት ባለበት አገር፣ በሁለቱ መካከል ቆሞ የሚያተርፈው መንዛሪው ነው፤ የሚበላው ደግሞ ያልተማረው። መቶ ለሁሉም አንድ ነው፤ ልጅ በአንድ ሳምንት ይለምደዋል። ነገር ግን ሲሻሻል ምን እንደተተወ የሚያውቅ ሰው መኖር አለበት ብዬ አምናለሁ፤ የምሰበስበውም ለዚህ ነው።

ዛሬ ሳንቲም የሚያመጡልኝ አጎቴም ሽማግሌውም አይደሉም። ከጅዳ፣ ከቤይሩትና ከዱባይ የሚመለሱ የሰፈራችን ልጆች ናቸው። የምንዛሪ ቤቶች የሚቀበሉት የወረቀቱን ነው፤ ብረቱ ቦርሳ ሥር ይቀራል። ስለዚህ ዓለም ሁሉ ትልቁን ገንዘቡን ለባንክ፣ ትንሹን ለእኔ ይልካል። አንዲት የጎረቤት ልጅ ከዱባይ ስትመለስ እፍኝ ሙሉ አራገፈችልኝ፦ ሜዳ ፍየል ያለችበት ሃያ አምስት ፊልስና የቡና ጀበና የተቀረጸበት ድርሃም። ጀበናውን እያሳየችኝ «ይኼን ሳይ ሁልጊዜ እናቴ ትዝ ትለኝ ነበር፣ ጋሼ» አለችኝ። የአረቦቹ ጀበና አፉ ረዥምና ቆልማማ ነው፤ ከእኛ ይለያል፤ ለእሷ ግን ጀበና ጀበና ነው። ሱቅ ተልካ ከምትመልሰው ዝርዝር ላይ እመቤቷ «ለራስሽ ያዢው» ያለቻትን ነበር ያጠራቀመችው። ከጅዳ የመጣችው ሌላዋ ሃላላ ሰጠችኝ። ሳዑዲዎች ሪያላቸውን በመቶ ሃላላ የከፈሉት በ1963 እ.ኤ.አ. ነው፤ ከዚያ በፊት ሃያ ቂርሽ ነበር፤ የምኒልክ ግርሽ የስም ዘመድ።

እያንዳንዱን ሳንቲም በትንሽ ፖስታ አደርጋለሁ። ላዩ ላይ ሌሎች ሰብሳቢዎች አገሩን፣ ዓመቱንና የንጉሡን ስም ይጽፋሉ፤ እኔ እሱን ጽፌ ከሥሩ ያመጣው ሰው የነገረኝን እጨምራለሁ፦ ማን ሰጠው፣ ምን ገዛበት፣ ምን ሊገዛበት ፈልጎ አልበቃው አለ። ብዙ ጊዜ የሚበልጠው ይህ የመጨረሻው ነው።

የዛሬ ጥቂት ዓመት ስድስት ኪሎ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም ሄጄ ነበር። ስለ አክሱም ገንዘብ ያነበብኩትን ሁሉ ይዤ ነው የሄድኩት። አክሱማውያን በሦስተኛው መቶ ዓመት መጨረሻ፣ በንጉሥ እንዱቢስ ዘመን፣ በወርቅና በብር ማተም ጀመሩ፤ መዳቡ ኋላ መጣ። ወርቁ ላይ የሚጽፉት በግሪክ ነው፤ የባሕር ማዶ ነጋዴ እንዲያነበው። ዒዛና ክርስትናን ሲቀበል ጨረቃውን አንሥቶ መስቀል አደረገበት። ይህን ማንም ያውቀዋል። እኔ የምፈልገው ግን መዳቧን ነበር። ከትንንሾቹ የመዳብ ገንዘቦች ላይ፣ በመስቀሉ ወይም በንጉሡ ራስ ዙሪያ፣ እንደ ቅጠል የሳሳ ወርቅ የተለበጠባቸው አሉ። ሌላ የጥንት አገር መዳብን እንዲህ በወርቅ እየለበጠ ለገበያ አላወጣም። ሥራው በእጅ፣ አንድ በአንድ ነው፤ ልፋቱ ከሳንቲሟ ዋጋ ሳይበልጥ አይቀርም። በመስቀሉ ዙሪያ ደግሞ በአንዳንዶቹ ላይ በግሪክ የተጻፈው «ይህ ሀገሩን ደስ ያሰኝ» የሚል ነው። ወርቁን ለሮማ ነጋዴ፣ መዳቧን ለአክሱም ጎመን ሻጭ አደረጉ፤ ደስ ያሰኝ ብለው የጻፉት በመዳቧ ላይ ነው። በብዙ አገር ትንሽ ገንዘብ ላይ ብዙ ነገር አይቻለሁ፤ ከዚህ የሚበልጥ አክብሮት አላየሁም።

አሁን የምፈልገው ሁለት ነገር ነው። አንዱ የሕንድ ፓይ፤ ሁለት አናዋን ካገኘሁ ጀምሮ ስመኛት የኖርኩ ናት፤ ካልተፋቀች ዓመቷ እንዲነበብ ደስ ይለኛል። ሁለተኛዋ ሩቅ አይደለችም። በ1969 ዓ.ም. የወጣችው የእኛው አንድ ሳንቲም ናት፤ ከአሉሚኒየም የተሠራች፣ ባንድ ፊቷ የአንበሳ ራስ፣ በሌላው በሬዎቹን ጠምዶ የሚያርስ ገበሬ ያለባት። አዲስ የሚያብረቀርቅ አለኝ፤ ያ ከባንክ ወጥቶ ገበያ ሳያይ የቀረ ነው። የምፈልገው ያለቀችውን፣ ገበሬው በጣት ብዛት የደበዘዘውን ነው። በእናታችሁ መሶብ ሥር ወይም በአሮጌ ሞሰብ ወርቅ ውስጥ ያለቻችሁ ሰዎች አትጣሏት፤ ስትሰጡኝም ምን እንደገዛችሁባት አብራችሁ ንገሩኝ፤ ፖስታው ላይ እጽፈዋለሁ።